ሁለቱ ሸዎች

በ1977 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለትምህርት ወደ ፖላንድ ስላክ የተመደብኩባት ከተማ ስም በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶኝ ነበር። እኔም አብረውኝ የሄዱትም ልጆች «ሎድዝ» እያልን አነበብነው። ዋርሶ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለን ሰው ግን ራሱን እየነቀነቀ «ውች» አለን፤ ደግሞ «ውች»። ያልሰማን መስሎን ወረቀቱን አሳየነው። ቆይቶ እንደገባኝ የመጀመሪያው ፊደል ኤል ቢመስልም ወገቡ ላይ ሰረዝ አለበት፤ ያ ሰረዝ «ው» ያደርገዋል። ኦ የሚመስለው አናቱ ላይ ጭረት ስላለው «ኡ» ይባላል። መድረሻው በጽሑፍ ለስለስ ያለ «ጅ» ነው፤ ቃሉ እዚያ ስለሚያልቅ ድምፁ ይከስምና «ች» ሆኖ ይቀራል። ትርጉሙ ጀልባ ነው። ለእናቴ በጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ያለሁት ውች ነው አልኳት። ደብዳቤውን ያነበበላት የጎረቤት ልጅ ቃሉ የተሳሳተ መስሎት «ውጭ» ብሎ አቃናው። እናቴም ልጅሽ የት ገባ ሲሏት እስክትሞት ድረስ «ውጭ ነው» እያለች ኖረች።

ከዚያ በፊት ንባብ የተማርኩት ጎጃም ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር ነው። የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበር፤ መጽሐፉን የሚከተሉት በጆሯቸው ነው። አሥር ልጅ በአንድ ጊዜ እየጮኸ ሲያነብ ከመካከሉ አንዱ ተነሹን ቢጥል ወይም ወዳቂውን ቢያነሣ ስሙን ጠርተው ያስቆሙታል። በጆሮ የማይለየውንም ያስጠኑን ነበር፤ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባው ወሰደ ነው። አንድ ቀን «የኔታ፣ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ድምፁን አባቶችህ ያውቁት ነበር፤ እኛ ጣልነው። ፊደሉ ቤቱን እየጠበቀ ነው» አሉኝ። ይህ ነገር ፖላንድ ድረስ ተከትሎኝ ሄደ። እነሱም «ዠ»ን በሁለት መንገድ፣ «ኡ»ንም በሁለት መንገድ ይጽፋሉ፤ የጥንቱ ሰው ለይቶ ይጠራቸው ነበር፣ የዛሬው ጆሮ አይለያቸውም፣ ፊደሉ ግን እንዳለ አለ። ባሕር የሚለውና ምናልባት የሚለው ቃል በጽሑፍ ይለያያሉ፣ ሲነገሩ ሁለቱም «ሞዤ» ናቸው። በባዕድ አገር የየኔታን ወንበር ያገኘሁ መሰለኝ።

የተማርነው የውች ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አገር ተማሪዎች በ1952 በከፈተው የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው (የፖላንድን ዓመቶች በእነሱው አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከእስያ፣ ከአረብ አገሮች፣ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የመጣን ልጆች ዓመት ሙሉ ቋንቋ ተምረን ከዚያ ወደየዩኒቨርሲቲው እንበተናለን፤ የእኔ ድርሻ የውኃ ምህንድስና ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን ለእያንዳንዳችን የኪስ መስተዋት አደለችን። የዚያን ቀን ቃል አልተማርንም፣ የየራሳችንን ምላስ ስናይ ዋልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አንድ ሸ አለን፤ እነሱ ሁለት አላቸው። ለደረቁ ሸ የምላስ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከጉሮሮ ደጃፍ የሚነሣ ይመስላል። ለለስላሳው ሸ ጫፉ ከታችኛው ጥርስ ጀርባ ይተኛና የምላስ ወገብ ወደ ላንቃ ይነሣል፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከንፈርም ፈገግ እንደማለት ይላል። የእኛዋ ሸ ከሁለቱ መካከል ቆማለች፤ ለሁለቱም ትቀርባለች፣ አንዱንም አትሆንም። በዠ፣ በቸና በጀም እንዲሁ ነው፤ እኛ አራት የምንላቸው እነሱ ዘንድ ስምንት ናቸው። ደግነቱ፣ ብዙ የሌላ አገር ተማሪ የሚሰናከልበት አንድ አናባቢያቸው ለኛው ሳድስ በጣም የቀረበ ነው፤ እሱን ከአገሬ ይዤው ሄጃለሁ። ግን ያው ሳድስ ደግሞ ጠላቴ ሆነ። የእነሱ ተነባቢዎች አራትም አምስትም ሆነው ያለ አናባቢ ተያይዘው ይቆማሉ፤ የአማርኛ አፍ ይህን አይችልምና በየመካከሉ ሳድስ እየሰነቀረ ያሳርፋቸዋል። መምህሯ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ያልተጻፈ አትተንፍስ» ትለኝ ነበር።

ካሻ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ቅንጬ ማለት ነው፣ በደረቁ ሸ ይነገራል። ካሻ የምትባል ሴትም አለች፤ የካታዥና ቁልምጫ ነው፣ በለስላሳው ሸ ይጠራል። ለብዙ ወራት በእኔ ዘንድ ቅንጬውና ሴቲቱ አንድ ቃል ነበሩ። መጀመሪያ ጥፋቱ የምላሴ መስሎኝ መስተዋቱ ፊት ሌሊት ሌሊት ደክሜያለሁ። ጥፋቱ የጆሮዬ ነበር። ሁለቱ ሲነገሩ ልዩነታቸውን አልሰማም፤ ያልሰማሁትን ደግሞ ምላሴ ከየት ያመጣዋል? የሕግ ሁሉ መጀመሪያ የሆነው ቃል «እስራኤል ሆይ፣ ስማ» የሚል መሆኑን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ተናገር አይልም። የገባኝ ግን ያኔ፣ በሃያ ዓመቴ፣ ሁለቱ ሸዎች በመጨረሻ ተለያይተው የተሰሙኝ ዕለት ነው። ባቡር ውስጥ ነበርኩ፤ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ። ድንገት አንዱ ሸ እዚህ፣ ሌላው ሸ እዚያ ሆኖ ሰማሁት። ወሬያቸው ምን እንደነበር አላስታውስም።

እንግዲህ ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የዮፍታሔ ሰዎች ከኤፍሬም ጋር ተዋግተው ካሸነፉ በኋላ የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይይዛሉ። የሚሸሽ ሰው በመጣ ቁጥር «ሺቦሌት» በል ይሉታል። የኤፍሬም ሰው ሸ አይሆንለትምና «ሲቦሌት» ይላል፤ ያን ጊዜ ያርዱታል። የሞቱት 42 ሺህ ናቸው ይላል መጽሐፉ። ቃሉ የእህል ዛላ ማለት ነው፤ ለጆሮዬ ከኛው ሰብል ብዙም አይርቅም። ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ የሚያስፈራኝ ብዛቱ ነበር። ኋላ ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። እነዚያ ሰዎች ወንድማማች ነበሩ፤ አንድ አምላክ የሚያመልኩ፣ የአንድ አባት ልጆች። በመካከላቸው የቀረው ልዩነት ምላስ ጥርስን የሚነካበት ቦታ ብቻ ነበር። እኔ አማርኛ ተናጋሪ ነኝና ሰም ሸም አለኝ፤ ዮርዳኖስን በተሻገርኩ ነበር። ቪስዋን ግን አልሻገርም።

ቪስዋ የፖላንድ ትልቁ ወንዝ ነው፤ ክራኮቭ ከተማ ዳርቻው ላይ ናት። በ1312 መስፍኑ ቭዋዲስዋፍ ዎኪዬቴክ፣ ኋላ ንጉሥ የሆነው፣ በከተማዋ አለቃ በአልበርት ተመርተው ያመፁበትን የክራኮቭ ነዋሪዎች አሸነፈ። ከአመፀኞቹ ብዙዎቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። አንድ የመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕል እንደሚለው ሰዎቹ አራት ቃል እንዲሉ ታዘዙ፤ ሶቼቪትሳ፣ ኮዎ፣ ሚዬሌ፣ ምዊን። ምስር፣ መንኰራኵር፣ ይፈጫል፣ ወፍጮ። አጥርቶ ያልተናገረ ሞተ። እነዚህን አራት ቃላት ዛሬ ደግሜ ደግሜ ሳስባቸው የጓዳ ቃላት ናቸው፤ አንዲት እናት በቀን አሥር ጊዜ የምትላቸው። ዮርዳኖስ ላይ የእህል ዛላ፣ ክራኮቭ ላይ ምስርና ወፍጮ። ሰው ሊያርድ የተነሣ ሰው ቃሉን ያወጣው ከእንጀራ ነው። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ ብዬ አስባለሁ፤ ከማዕድ ላይ የተማርነው ቃል በልጅነት የገባ ነውና እንግዳ ሰው ተምሮ አይደርስበትም። ፖላንዶች ጀርመናዊውን እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ስም ራሱ ዲዳ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ቋንቋዬን የማይናገር አፍ የለውም ማለት ነው፤ ሁሉም ሕዝብ በልቡ የሚለውን እነሱ በስም አኖሩት።

ያው ጅራፍ ተመልሶ በራሳቸው ላይ ደረሰ። አገራቸው በሦስት ኃያላን ተከፋፍላ በነበረበት ዘመን፣ በ1901፣ በጀርመን ግዛት ሥር በነበረችው በቭዤሽኛ ከተማ የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ ይሁን ተባለ። ልጆቹ በጀርመንኛ አንጸልይም፣ በጀርመንኛ አንመልስም አሉ፤ በዱላ ተገረፉ። የተቃወሙ ወላጆችም ታሰሩ። ሕፃን ልጅ «አባታችን ሆይ»ን ከእናቱ በሰማበት ድምፅ ልበል ስላለ ተደበደበ። በዚህ ታሪክ የፖላንድ ሰው ያለቅሳል፣ እኔም አብሬው አዝኛለሁ።

ነገር ግን ይህን ብቻ አንሥቼ ሌላውን ብተወው እውነቱ ጎዶሎ ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፖላንድ ከ3 ሚሊዮን በላይ አይሁዳውያን ይኖሩ ነበር፤ የብዙዎቹ የእናት ቋንቋ ይዲሽ ነው። ናዚዎች በጌቶ አጥረው ሲፈጇቸው አምልጦ በከተማው ሰው መካከል ሊደበቅ የወጣ አይሁዳዊ፣ ከመልኩና ከመታወቂያ ወረቀቱ ጋር፣ አነጋገሩም ሞቱን ወይም ሕይወቱን ይወስን ነበር። ፖሊሽኛን እንደ ጎረቤቱ አጥርቶ የሚናገር ተስፋ ነበረው። የአንዱ ቃል ዜማ ለየት ካለ፣ ያን የሚጠቁም ጆሮ በየትራሙና በየደረጃው ነበር። ሕይወታቸውን ሰጥተው ያዳኗቸው ጎረቤቶችም ነበሩ፤ አሳልፈው የሰጧቸውም ነበሩ። ያን ታሪክ ያነበብኩ ሰሞን ውች መንገድ ላይ ስሄድ በዚያ ዘመን ዝም ብለው የሞቱትን አስብ ነበር፤ አፌን ከከፈትኩ እታወቃለሁ ብለው ዳቦ እንኳ ሳይለምኑ የቀሩትን።

በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ይሞቅ የነበረው ጴጥሮስ የታወቀው በምን ነበር? አነጋገርህ ይገልጥሃል አሉት። የገሊላ ሰው ነበርና። እሱ ግን ከዚያች ሌሊት ሃምሳ ቀን ያህል ቆይቶ የተናገረው ያንኑ የገሊላ አፉን ይዞ ነው፤ የጰራቅሊጦስ ዕለት የሆነውን ልብ ብለህ አንብበው። የተለወጠው የሕዝቡ መስማት ጭምር ነው፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ ይላል።

አሁን ውች ስላለችው በረኛ ልናገር። የምንኖርበት የተማሪዎች ማደሪያ በር ላይ በመስታወት ክፍል ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት ባልቴት ነበረች። ቁልፍ ትሰጣለች፣ የሚገባና የሚወጣውን ትመዘግባለች፣ ሹራብ ትሠራለች። ትንሽ ሬዲዮ ነበራት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነው የምትሰማው። በዚያው መጀመሪያ መጸው፣ ጥቅምት 1984፣ አንድ ምሽት ስገባ ታለቅሳለች። በዋርሶ የሠራተኞቹ ካህን የነበረው ዬዢ ፖፒዬውሽኮ በመንግሥት የጸጥታ ሰዎች ታፍኖ ተወስዶ ነበር፤ የዚያን ቀን ሬሳው ከቪስዋ ውኃ ወጣ። ዕድሜው 37 ነበር። እኔ ገና መቶ ቃል አላውቅም። ስሙን ከእሷ አፍ ተቀብዬ ደገምኩት፤ ዠውን አለስልሼ፣ ሸውን የኛ ሸ አድርጌ። እንባዋን ሳትጠርግ እጇን አነሣች። «የሞተ ሰው ስም አይሰበርም» አለችኝና ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ዬዢ ማለት የኛው ጊዮርጊስ መሆኑንም በጣቷ ጦርና ዘንዶ ሥላ አስረዳችኝ። በፖሊሽኛ አጥርቼ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል የአንድ ሰማዕት ስም ነው።

በክረምቱ አንድ መሥሪያ ቤት የመኖሪያ ወረቀቴን ላሳትም ሄድኩ። እባክዎ የሚለው ቃል ፕሮሼ ነው፣ በደረቁ ሸ። ሸው ከለሰለሰ የአሳማ ግልገል ይሆናል። እኔ እባክዎ ያልኩ መስሎኝ ያን አልኩ። በመስኮቱ ማዶ ያለው ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ አውቋል፤ ግን ቃሌን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመውና ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሪያ ርኩስ ነው ተብሎ ላደገ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ያ ሳቅ አጥንት ይሰብራል። ወረቀቴን ሳልወስድ ወጣሁ። ለበረኛዋ ስነግራት አልሳቀችም፣ አላዘነችልኝምም። ሹራቧን አስቀምጣ ያን አንድ ቃል እስክታመም ድረስ አስጠናችኝ። በማግስቱ ቃሉ ቀና፤ ወረቀቱም ታተመ።

ሁለቱም በረኞች ነበሩ፤ ሁለቱም አንዱን ስሕተት ሰሙ። ከዚያ ጀምሮ አርባ ዓመት ያሰብኩት ነገር ይህ ነው፦ አጥርቶ መናገር እንግዳ ለባለቤቱ የሚከፍለው ዕዳ ነው፤ ባለቤቱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሊጠይቀው መብት የለውም። እንግዳው ወዶ ሲሰጠው ፍቅር የሆነው ያው ነገር ባለቤቱ ሲያስገድደው ሰይፍ ይሆናል። የዮርዳኖሱን መሻገሪያ የያዙት ሰዎች ኃጢአት ሸን ማወቃቸው አልነበረም። ሸን ለወንድማቸው ማስተማር ሲገባቸው ቢላዋ መሳላቸው ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ዕዳ የሚለውን አይቀበሉኝም። እግዚአብሔር የዲዳን ልመና ይሰማል፣ ኮልታፋውን ሙሴን ለፈርዖን ልኮታል፣ ታዲያ የምላስ ጫፍ ምን ቁም ነገር አለው ይላሉ። ስለ እግዚአብሔር ያሉት እውነት ነው። ሰው ግን ስሙ ሲሰበር ይሰማዋል፤ እኔ አይቻለሁ። በፖላንድ ምድር በቢያዊስቶክ የተወለደው ዛመንሆፍ በከተማው አይሁዱ፣ ፖላንዱ፣ ሩሲያውና ጀርመኑ በቋንቋ ሲጣሉ እያየ አደገና ለሁሉም የምትቀል ኤስፔራንቶ የምትባል ቋንቋ ሠርቶ በ1887 ዋርሶ ውስጥ አሳተመ። ልቡን አከብራለሁ፤ የእርቅ ሰው ነበር። መንገዱን ግን አልከተልም። ችግሩን ሁሉ ከመካከል ብናነሣው ለጎረቤቴ የምሰጠው ድካም አይኖረኝም። እኔ ወደ ጎረቤቴ የገባሁት በዚያ አስቸጋሪ ሸ በኩል ነው።

ጥቅምት 16 ቀን 1978 የክራኮቩ ካርዲናል ካሮል ቮይቲዋ የሮም ጳጳስ ሆኖ ሲመረጥ የሮም ሕዝብ አደባባይ ሞልቶ ነበር። ከ455 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ያልሆነ የሮም ጳጳስ ነበር። ሰገነቱ ላይ ወጥቶ በጣሊያንኛ፣ በቋንቋችሁ ብሎ ጀመረና ወዲያው በቋንቋችን ብሎ አረመው፤ ብሳሳት ታርሙኛላችሁ አላቸው። ያን ሲል ታርሙኛላችሁ የሚለውን ቃል ራሱን ስቶታል። አደባባዩ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በሃይማኖት የሚለየን አለ። ግን ቁልፍ የተሰጠው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ምላሴን አርሙልኝ ሲል፣ የዮርዳኖስ መሻገሪያ በዚያች ቅጽበት ተገለበጠ ብዬ አምናለሁ።

የእኔ በረኛም ይህን ታውቅ ነበር። ስሜ በጠ ይጀምራል። ቋንቋቸው ጠ የለውምና መምህራኖቼም ተማሪዎቹም በተ ጠሩኝ፤ እኔም ለመድኩት። እሷ ብቻ አንድ ቀን «ትክክል ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለሽም ማለት አሳፍሮኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ተረድታ መስተዋቴን ተዋሰችኝ። እስከ ፋሲካ ድረስ ቁልፍ ስትሰጠኝ ሁሉ ትሞክረዋለች፤ ትንፋሿን ይዛ ምላሷን ከጥርሷ ላይ ለማስፈንጠር። በምትኩ እኔን ዥጅብዎ የሚለውን ቃል ታስብለኝ ነበር። አንድ ክፍለ ቃል ነው፣ በፊቱ አናባቢ የለም፣ ከሰማኋቸው ሁሉ ይከብዳል። የሣር ሰበዝ ማለት ነው። በቀድሞዎቹ የፖላንድ መጽሐፍ ቅዱሶች በወንድምህ ዓይን ያለው ጉድፍ የተተረጎመው በዚህ ቃል ነው። በትንሣኤ ማግስት ሁለታችንም ተሳካልን፤ እሷ ጠን፣ እኔ ጉድፉን።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በፖሊሽኛ የእግዚአብሔር መጠሪያ መድረሻው «ግ» ነው፤ ብቻውን ሲነገር ግን ግው ስለሚከስም «ቡክ» ይሆናል። ቡክ የድንበራቸውም ወንዝ ስም ነው፣ በጫካቸው ያለም የአንድ ዛፍ ስም። በጆሮ ሦስቱን መለየት አይቻልም። ቃሉ ሲረባ ግን፣ የእግዚአብሔር ወይም ለእግዚአብሔር ስትል፣ የከሰመው ግ ይመለሳል፤ ቦጋ፣ ቦጉ። ይህን የተማርኩ ቀን የኔታን አሰብኳቸው፤ ፊደሉ ቤቱን እየጠበቀ ነው ያሉትን።

በረኛዋ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆነ። ፖላንዶች በኅዳር መጀመሪያ፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ወደ መቃብር ይሄዳሉ፤ ምሽቱ በሻማ ይበራል። ባለፈው ዓመት ለሥራ ሄጄ ውች ውስጥ ያገኘኝ ያ ቀን ነበር። መቃብሯን ፈልጌ ሻማ አበራሁ። በእኛ ሥርዓት ለሞተ ሰው ሲጸለይ ስሙ ይጠራል፤ የእሷ ክርስትና ሌላ ቢሆንም በልቤ ፍትሐት አደረስኩላትና ስሟን ከድንጋዩ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩ። በስሟ ውስጥ ሁለቱም ሸዎች አሉ። ሁለቱንም በየቦታቸው አልኳቸው።